ከባሕር ማዶ ለተገዛ የመኪና ዕቃ ዋሱ ማነው?

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው፣ ኮቴዋን ዳስሰው፣ ጥቂትም አስረግጠው ይመረምሯት ነበር። ይህም አይበቃቸውም፤ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይሉታል። ዋሱ በገበያው የታወቀ፣ ቤቱና ንብረቱ የማይሰወር ሰው ነው። በቅሎዪቱ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ ወይም የተሸሸገ በሽታ ቢታይባት፣ ገዢው ሻጩን ፍለጋ ከአገር አገር አይንከራተትም፤ ዋሱን ይይዛል። ስለዚህ ገንዘብ ከመቈጠሩ በፊት የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ማን ይዋስሃል?» የሚልም ነበር።

ዛሬ የበቅሎን ሥራ የወረሰው አውቶሞቢል ነው። አውቶሞቢል ግን አንዱ ብልቱ ሲደክም በሌላ እየተተካ የሚኖር ነገር ነው። የፍሬን ሸራ ያልቃል፤ ኩሽኔታ ይበላል፤ ራዲያተር ያፈስሳል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ሞቶሪኖ፣ ባሌስትራ እያልን የምንጠራቸው ስሞች ሁሉ ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስሞቹ ያለ ቀረጥ ገቡ፤ ዕቃዎቹ ግን ዛሬም ባሕር ተሻግረው፣ ቀረጥ ተከፍሎባቸው፣ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተላለፉ ይደርሱናል። በጃፓን የተሠራው፣ በቻይና የተሠራው፣ ከዱባይ የተጫነው፣ ከሎንዶን በዘመድ ሻንጣ የመጣው ዕቃ በአንድ መኪና ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ሲሠራ ይገኛል።

እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ጉድለት ያለበት ሆኖ ቢገኝ ገዢው ማንን ይይዛል? ሻጩ በሌላ አገር ነው፤ ቋንቋው ሌላ፣ ዳኛው ሌላ፣ ሕጉም ሌላ ነው። ወጣቱ ሹም ከደመወዙ አጠራቅሞ አሮጌ መኪና ሲገዛ፣ ተማሪውም ለአባቱ ታክሲ ዕቃ በኢንተርኔት ሲያዝ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ማንሳቱ ይጠቅመዋል ብለን ስላመንን፣ የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም

አንዳንድ ሰው «የሁለትና የሦስት ሺሕ ብር ዕቃ ቢበላሽ ሌላ እገዛለሁ እንጂ ሙግት ምን ያደርግልኛል?» ይል ይሆናል። ለመስተዋት መጥረጊያ ወይም ለወንበር ልብስ እንደዚህ ቢባል እንቀበለዋለን። ለፍሬን፣ ለመሪ፣ ለጎማ ግን ይህ አነጋገር አይሠራም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ከውጭ አገር በርካሽ ያስመጣውን የፍሬን ሸራ አስገጠመ እንበል። ሸራው በውስጡ ጉድለት ነበረበትና በቁልቁለት ላይ ተላቀቀ፤ መኪናውም አንድ እግረኛ ገጨ። ባለመኪናው «ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የፋብሪካው ነው» ብሎ ሊያመልጥ ይችላልን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አይችልም ይላል። በቍጥር 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። በቍጥር 2086ም ጥፋት አላደረግሁም፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ላስቀረው አልችልም ነበር፣ ወይም የሌላ ሰው ጥፋት ነው ብሎ ከኀላፊነት ለመዳን እንደማይቻል ተጽፏል። የሚያድነው የተበዳዩ የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 799 ያስገደደው የሦስተኛ ወገን መድን ቢኖርም፣ መድኑ የሚከፍለው በወሰን የተወሰነ ገንዘብ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከባሕር ማዶ የገዛ ሰው በተበዳዩና በሩቁ ፋብሪካ መካከል ይቆማል ማለት ነው። ከኋላው ያለውን ሻጭ ለመያዝ ካልቻለ ዕዳው በእርሱ ላይ ይቀራል። አባቶቻችን ዋስ ይሉት የነበረው ነገር በዘመናዊው ገበያም ያስፈልጋል የምንለው ስለዚህ ነው።

ጉድለት ሦስት ዓይነት ነው

ስለ መብት ከመናገራችን በፊት ጉድለቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው «የተበላሸ ዕቃ ላኩልኝ» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሳል፤ ነገር ግን ክሱም መልሱም የሚለየው እንደ ጉድለቱ ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የማይገጥም ዕቃ ነው። ዕቃው በራሱ ደኅና ሲሆን ለዚያ መኪና አይሆንም። አንድ ስም ያለው መኪና በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል፤ መሪው በቀኝ የሆነውና በግራ የሆነውም ሁሉም ዕቃቸው አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ሻጩ «አንተ ያዘዝኸውን ላክሁ» ብሎ ይከራከራል። ገዢው የሻንሲውን ቍጥርና የዕቃውን ቍጥር በጽሑፍ ልኮ ሻጩ «ይሆናል» ብሎ መልሶ እንደሆነ ክርክሩ የገዢው ነው፤ «የቪትዝ ፍሬን ላክልኝ» ብቻ ብሎ እንደሆነ ግን ነገሩ አጠራጣሪ ይሆናል።

ሁለተኛው አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ሣጥኑ የታወቀውን ፋብሪካ ስም ይዟል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ይህ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ማታለልም ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያወጣው ማስጠንቀቂያ የሚያስደነግጥ ነው። ከግጭት በኋላ የኤርባጋቸው መንፊያ ከውጭ በመጣ ርካሽ ዕቃ በተተካባቸው መኪናዎች፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ሰዎች መሞታቸውንና ሁለት ሰዎች በጽኑ መጐዳታቸውን አስታወቀ። ዕቃው ሲፈነዳ ብረቱን እየሰነጠቀ ወደ ነጂው ይረጭ ነበር። ሰዎቹ ሌላ ጊዜ ሊተርፉበት በሚችሉት ግጭት፣ ሊያድናቸው የተገጠመው ዕቃ ገደላቸው።

ሦስተኛው እውነተኛ ሆኖ ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው። «ኦሪጅናል ነው» ማለት ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በታላላቅ ፋብሪካዎች መኪና ውስጥ የተገጠሙ እውነተኛ ዕቃዎች ነበሩ። ሆኖም በውስጣቸው ያለው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ ሲፈነዳ ብረት ይረጭ ስለ ነበር፣ በአሜሪካ ብቻ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ መኪናዎች ለጥገና ተጠሩ፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። እንደዚህ ያለው ጥሪ በሻንሲ ቍጥር የሚታወቅ ስለሆነ፣ ያገለገለ መኪናም ሆነ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቍጥሩን አስመርምሮ መግዛት ይገባዋል።

ፍርድ ቤቶች ምን ብለው ነበር?

ሕግ በዚህ ነገር እንዴት እንደ አደገ ለማሳየት ሁለት የአሜሪካ ክርክሮችን እንጥቀስ። ሁለቱም በሕግ ትምህርት ቤት የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም የተነሡት ከጎማና ከጎማ መንኰራኵር ነው።

የፊተኛው በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 ተፈረደ። አንድ ድንጋይ ጠራቢ የቢዩክ ኩባንያ የሠራውን አውቶሞቢል ከአንድ ነጋዴ ገዝቶ ሲሄድ ከእንጨት የተሠራው መንኰራኵር ተሰባበረና ከመኪናው ተወርውሮ ተጐዳ። መንኰራኵሩን የሠራው ቢዩክ ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ ነበር። ኩባንያውም «እኔ ከዚህ ሰው ጋር ውል የለኝም፤ የሸጥሁት ለነጋዴው ነው» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ካርዶዞ ግን፣ በደንብ ካልተሠራ ለሕይወት አደገኛ የሚሆን ዕቃ የሚሠራ ሰው፣ ዕቃው ሳይመረመር በሌሎች ሰዎች እንደሚሠራበት እያወቀ ከላከው፣ ውል ባይኖርም ይጠየቃል ሲሉ ፈረዱ። መንኰራኵሩን ሌላ ቢሠራውም ቢዩክ ሳይመረምር መግጠሙ ጥፋት ሆኖ ተቈጠረበት።

ይህ አሳብ ወደ እኛ አገር በተሻለ መልክ መግባቱን ብዙ ወጣቶች አያውቁም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2085፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ ነው ይላል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የመሰለውን ደንብ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ የአውሮጳ አገሮችም የጋራ መመሪያ ያወጡበት በ1985 ነው። የእኛው በ1960 ተጽፎ ነበር። ነገር ግን ሕጉ አንድ በር ትቷል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ሠሪው አይጠየቅም። ስለዚህ ሳይመረምር የሚገጥም ሰው መብቱን በገዛ እጁ ሊያጣ ይችላል።

የኋለኛው ክርክር ደግሞ የሕጉ ክንድ የት ላይ እንደሚያጥር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ የአንድ ሞተር ብስክሌት የኋላ ጎማ ፈንድቶ ነጂው ቈሰለ፤ ሚስቱም ሞተች። የውስጡን ካላማዳሪያ የሠራው የታይዋን ፋብሪካ ነበር። የቫልቩን ብረት ለታይዋኑ የሸጠው ደግሞ አሳሂ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው። ከተበዳዩ ጋር በስምምነት ከተጨረሰ በኋላ የታይዋኑ ፋብሪካ «የከፈልሁትን ጃፓኑ ይመልስልኝ» ብሎ በዚያው በካሊፎርኒያ ከሰሰ። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1987 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ የጃፓኑን ኩባንያ በዚህ ነገር ወደ ካሊፎርኒያ ጠርቶ ማሟገት ርትዕ አይሆንም አለ። ልብ እንበል፤ ያን ያህል ኀይልና ሀብት ባለው አገር እንኳ፣ የዕቃ ሻጭ ከሩቅ አገር ሲሆን ዳኛው «እጄ አይደርስበትም» የሚልበት ጊዜ አለ። በእኛ አገር የሚፈረድ ፍርድም በሻጩ አገር የሚፈጸመው የዚያ አገር ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

በአገር ውስጥ የሚያዝ እጅ

ስለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው መንገድ ዕቃውን ከአስመጪው ወይም ከአገር ውስጥ ነጋዴ የገዛው ሰው መንገድ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም በሌላ ሱቅ የገዛ ሰው «ዕቃው ከውጭ ነው የመጣው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ቢባል መቀበል የለበትም። የሸጠለት ያ ነጋዴ ነውና ተጠያቂውም እርሱ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቍጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ ነው ይላል። ገዢው ደግሞ ሦስት ግዳጅ አለበት። ዕቃውን እንደ ተረከበ በተቻለ ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ያገኘ እንደሆነ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ሙግት ከሆነም ካስታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ ነው። ስለ ሸማቾች ጥበቃ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ሌላ አጭር መንገድ ይጨምራል። ለራሱ ወይም ለቤተ ሰቡ የገዛ ሰው ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ ይችላል። ነጋዴውም ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ እንድንነቅፍ ይፈቀድልን። በየሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። ብዙ የተማረ ሰው ይህን እንደ ሕግ አንቀጽ አንብቦ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ካርቶን ላይ የተጻፈ ቃል ግን ሕግ ለሸማች የሰጠውን አይሽርም። ደግሞም ቫት እንዳይከፈል ተብሎ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲባል የሚስማማ ሰው የቀነሰው ዋጋ ብቻ እንዳይመስለው፤ ማስረጃውንም አብሮ ቀንሷል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

በቀጥታ ከውጭ ሲገዛ

ነጋዴው ራሱ ከቻይና ወይም ከጃፓን ሲያስመጣስ? እ.ኤ.አ. በ1980 በቪየና የተፈረመ፣ ከ1988 ጀምሮም የሚሠራ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ዕቃ ሽያጭ የሚናገር የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አለ። ቻይናና ጃፓን አባሎች ናቸው። ስምምነቱ ገዢው ዕቃውን በአጭር ጊዜ እንዲመረምር፣ ጉድለቱን በተገቢ ጊዜ እንዲያስታውቅ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሁለት ዓመት እንዳያልፍ ያዝዛል። ኢትዮጵያ ግን እስካሁን ከአባሎቹ ውስጥ አልገባችም። ነጋዴዎች በውላቸው ከመረጡት ሊገዙበት ይችላሉ። ለግሉ መኪና ዕቃ የሚገዛው ሰው ደግሞ በዚህ ስምምነት አይሸፈንም፤ ለራስና ለቤት የሚሆን ግዢ ከውስጡ ወጥቷልና።

የባንክ ነገርም ብዙዎችን ያሳስታል። ነጋዴው በባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲከፍል «ባንኩ ዕቃውን አይቶ ይከፍላል» ብሎ የሚያስብ አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት ባንክ የሚያየው ወረቀት እንጂ ዕቃ አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ የፍሬን ሸራ ይኑር ወይም የተጨመቀ ካርቶን፣ ወረቀቱ እንደ ታዘዘው ከሆነ ባንኩ ይከፍላል። መድኀኒቱ ከሚጠየቁት ወረቀቶች መካከል የገለልተኛ መርማሪ የምስክር ወረቀት እንዲጨመር አስቀድሞ ማስጻፍ ነው። እንደዚሁም ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኞች እንዲታይ በውሉ ማስገባት ይቻላል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ፍርዶችን ስለ ማስፈጸም የሚናገረውን የ1958ቱን የኒው ዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቍጥር 1184/2012 ስላጸደቀች፣ በዚህ መንገድ የተሰጠ ፍርድ በአባል አገሮች ሁሉ የመፈጸም ዕድል አለው። ይህ ግን ኮንቴይነር ለሚያስመጣ ነጋዴ እንጂ አንድ ሞቶሪኖ ለገዛ ሰው አይሆንም፤ የግልግሉ ወጪ የሞቶሪኖውን ዋጋ ብዙ ጊዜ ያጥፋልና።

ዘመድ ገዝቶ ሲልክ

በአገራችን እጅግ የተለመደው ሌላው መንገድ በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም አክስት «ይህን ዕቃ ግዙልኝ» ተብሎ የሚለመንበት ነው። ዘመዱ በካርዱ ይከፍላል፤ ዕቃው በቤቱ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ በቁም ሣጥን ይቀመጣል። ሁለትና ሦስት ወር ያልፋል። ዕቃው መጥቶ ሲገጠም ጉድለቱ ይታያል። ያን ጊዜ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ምክንያቱም በእነዚያ አገሮች ሕጉ ለገዢ መልካም መብት ቢሰጥም ጊዜው የሚቈጠረው ዕቃው በዘመዳችን እጅ ከገባበት ቀን ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሶ ሙሉ ገንዘብ ለመቀበል 30 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ማስጠገን ወይም ማስለወጥ ይቀድማል። በአውሮጳ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የገዛ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ለመለወጥ ይችላል፤ ለጉድለት ደግሞ ሁለት ዓመት የሚደርስ ዋስትና አለው። በአሜሪካ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ዕቃው በስምምነቱ መሠረት አልደረሰኝም ብሎ ለመከራከር፣ ሒሳቡ የተጻፈበት ወረቀት ከተላከለት ጀምሮ 60 ቀን አለው። መብቱ የዘመድ፣ መኪናው የኛ፣ ዕቃው ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። ቀኑ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ከእነዚህ ሁሉ ለሩቅ አገር ግዢ ከፍ ያለ ጥቅም ያለው የእንግሊዙ የክሬዲት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 75፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 ፓውንድ ያልበለጠ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ከተገዛ፣ ሻጩ ቢያታልል ወይም ውሉን ቢያፈርስ ካርዱን የሰጠው ባንክ አብሮ ይጠየቃል ይላል። ባንኮቹ «ይህ ለአገር ውስጥ ግዢ እንጂ ለባሕር ማዶ አይሆንም» ብለው ቢሟገቱም፣ የሎርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ለባሕር ማዶ ግዢም ይሠራል ብሎ ፈረደባቸው። እነሆ፣ በበቅሎ ገበያ የነበረው ዋስ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ። ሻጩ በሻንግሃይ ቢሰወር ባንኩ በሎንዶን አለ። ሆኖም ይህ መብት የሚሠራው በክሬዲት ካርድ ሲከፈል ነው፤ ዴቢት በሚባለው ካርድ አይሠራም። ክፍያው በሌላ አማላይ ድርጅት በኩል ሲያልፍም መብቱ ሊሰናከል ይችላል።

ከዱባይ ሱቅ ቆሞ የገዛ መንገደኛም እንዲሁ አውሮፕላን ላይ ሳይወጣ ሣጥኑን ፈትቶ ማየት ይገባዋል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አለ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ግን እዚያው መገኘት ይሻላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ከሙግት ጥንቃቄ ይቀላል። በእኛ አሳብ ከባሕር ማዶ የሚገዛ ሰው የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል።

በመጀመሪያ፣ ሻጩ ማን እንደሆነና በየት አገር እንደሚኖር ይወቅ። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ያለው ስም የገበያው ስም ነው፤ ዕቃውን የሚልከው ግን ከበስተጀርባው ያለ ሌላ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። አድራሻ የሌለው ሻጭ ቢረክስም አይገዛ።

ሁለተኛ፣ የሻንሲውን ቍጥርና በአሮጌው ዕቃ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ጽፎ ይላክ፤ የሻጩንም መልስ ያስቀምጥ። በስልክ የተባለውን በጽሑፍ ያስደግመው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ያስብበት። ዳኛ በሌለበት ቦታ የገዢው ጉልበት ገንዘቡ ነው። «ከገበያው ውጭ በቀጥታ ላክልኝ፤ ልቀንስልህ» የሚል ሻጭ ገዢውን ከዋሱ እየለየው ነው።

አራተኛ፣ ሣጥኑ ሲከፈት ፎቶግራፍ ይነሣ። ከመገጠሙም በፊት መካኒኩ ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ፣ መዝኖና ለክቶ ይየው። ዕቃው አንድ ጊዜ ከተገጠመ በኋላ «መካኒክህ አበላሸው» የሚለው መልስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጋራዡ ያየውን በጽሑፍ አድርጎ ማኅተሙን ቢያሳርፍበት መልካም ነው።

አምስተኛ፣ የተሰበረው ዕቃ አይጣል። ብዙ ክርክር የሚጠፋው ማስረጃው በጋራዡ ጓሮ ከውራጅ ብረት ጋር ስለ ተሸጠ ነው።

ስድስተኛ፣ ዕቃውን የሚገዛ ዘመድ በደረሰው ዕለት ሣጥኑን ከፍቶ ፎቶግራፉን ይላክ። ይህ ትንሽ ነገር ከሠላሳው ቀን ሃያ ዘጠኙን ያድናል።

በመጨረሻም፣ መስተዋትና መብራት ከየትም ቢመጣ ግድ የለም፤ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና ኤርባግ ግን ሊጠራ ከሚችል፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ፣ ነገም በሱቁ ከሚገኝ ሰው ይገዛ። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የነጋዴው ትርፍ ብቻ አይደለም፤ የዋሱም ዋጋ ነው።

ለወጣት ሹማምንት የምንለው

ይህ ሁሉ ግን የግለሰቡ ጥንቃቄ ነው። የግለሰብ ጥንቃቄ ደግሞ ወሰን አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች በመንገዶቻችን ላይ በዝተዋል። የፍሬን ሸራን ውፍረት መካኒክ በጣቱ ዳስሶ ያውቃል፤ የባትሪን ውስጥ ግን ማን ዳስሶ ያውቀዋል? ዕቃው በዓይን የማይመረመር በሆነ መጠን ገዢው ይበልጥ በሻጩ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። «በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ነበር» የሚለው የሕግ ቃል እንኳ አዲስ ትርጓሜ ይፈልጋል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡትም ሆኑ ነገ የሚቀመጡት ወጣቶች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ እንላለን። አንደኛው፣ የቪየናውን ስምምነት መቀበል ለአገራችን ነጋዴ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን በጥናት መመልከት ነው። ብዙ ዕቃ ከምንገዛባቸው አገሮች አንዳንዶቹ በዚህ ሕግ ሲገበያዩ እኛ ከውጭ መቆማችን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው፣ ፍሬንን፣ ጎማንና ኤርባግን የመሳሰሉ ለሕይወት የሚያሰጉ ዕቃዎች ወደ አገር ሲገቡ ምርመራው ከወረቀት አልፎ ዕቃው ላይ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ ፋብሪካዎች በሌላ አገር «ይህ ዕቃ ይመለስ» ብለው ሲጠሩ፣ ጥሪው በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ተጽፎ እስከ ጋራዡ እንዲሰማ ማድረግ ነው። በቶክዮ ወይም በዲትሮይት የተሰማው ጥሪ አዳማ ላለው መካኒክ ካልደረሰ፣ ለእርሱ እንዳልተጠራ ይቈጠራል።

ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ሠሪው ኀላፊ ነው ይላል፤ ሻጩም ዋስ ነው ይላል። የሚቀረው ሠሪውንና ሻጩን ለመያዝ የሚችል እጅ ማዘጋጀት ነው። ይህ እጅ በአንድ በኩል ደረሰኙን የማይጥል፣ ቀኑን የሚቈጥር፣ «አይመለስም» ሲሉት አንቀጹን የሚጠቅስ ገዢ ነው፤ በሌላ በኩል አቤቱታ ሲቀርብለት «ነገ ተመለስ» የማይል ሹም ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ዛሬ ገዢ፣ ነገ ሹም ናቸውና በሁለቱም ወገን እንጠብቃቸዋለን።